ታዛቢ

ዴይተን፣ ኦሃዮ። ጥቅምት ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው፤
የትምህርት ቤት ጂም ነው፣ ላብና የወለል ሰም የሚሸተው።
የኳስ መረቡን ጠቅልለው ሰቅለውታል ከጣራ፤
ከሥሩ ማሽን ቆሟል፤ ከማሽኑ ጎን እኔ፣ በተራ።
ባጄ ላይ ስሜን ቆርጠውታል። ጌታመሳይ ነበርኩ፤
"መሳይ"ን ቦታ ጠቧቸው ጣሉት፣ እንዲሁ ጌታ ሆንኩ።

ሰልፉ ከበር ያልፋል። ጎረቤት ለጎረቤት
ደህና አደርክ አይልም፤ ኮፍያውን አይቶ ያዞራል ፊት።
በበረዶ ወራት የአንዱን ደጅ የሌላው አካፋ ይጠርግ ነበር፤
ዛሬ በመሃላቸው ያለው አየር ራሱ ድንበር።
ሥራዬ ቀላል ነው፦ ስም መፈለግ፣ ማስፈረም፣
ወረቀት መስጠት፤ ስለ ወረቀቱ አለመናገርም።

ይህን ሥራ ያስተማረኝ ግን የዚሁ አገር ፕሮግራም ነው፣
እዚያ ማዶ፣ አዳማ፣ ሃያ ዓመት ከሆነው፤
ዲሞክራሲን ሊደግፍ አዳራሽ ተከራይቶ፣
ሻንጣውን በበጀት ሞልቶ።
ኮፍያ፣ ቦርሳ፣ እስክሪብቶ፤ ለአበሉ ሁለቴ ፊርማ፤
ቦርሳው ጎን ላይ "ከአሜሪካ ሕዝብ" የሚል አርማ።
አሠልጣኙ ዱዌን፣ ቀጭን፣ እጅጌው የተጠቀለለ፣
ምንጣፉ ላይ ቢጫ ፕላስተር ለጥፎ "ታዛቢ" እያለ፤
እሱ አይደለም ያለው። ያልኩት እኔ ነኝ፣ አስተርጓሚው፦
"ታዛቢ ከመስመሩ ወዲህ ነው የሚቆመው።
ያያል እንጂ አይነካም፤
ይጽፋል እንጂ አይቆጣም።"
ከኋላ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፦
"ልጄ፣ ስንታዘብ ነው የኖርነው፤ ዛሬ አበል አደረጉ?"
አዳራሹ ሳቀ። ዱዌንም ሳቀ፤ አብሮ መሳቅ ያውቃል።
ይህን ቃል ለሁለት የሚከፍል ቢላ ከየት ይገኛል?

ወይዘሮ ቦጋለች ተነሡ፤ ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፤
ብርሃን የሚያሳልፈውን ሣጥን ዳሰሱት በጣታቸው።
"ድምፄን እዚህ ከከተትኩ፣ ቁልፉን እናንተ ከያዛችሁ፣
ማታ ቤቴ ስገባ በምን ልናገር? ምን ትላላችሁ?"
"ምን አሉ?" አለኝ ዱዌን። የምሳ ሰዓት ደርሷል።
"ስለ ምስጢራዊነቱ ነው፣" አልኩት፣ "ሁሌም ይጠየቃል።"
እሱም አብራራ፣ ሩብ ሰዓት ያህል።
እሳቸው የሚያዩት እኔን ነበር። ታዘቡኝ ማለት ይቻላል።

ሪፖርቱ "ሰባ ሁለት ሴቶች ሠለጠኑ" አለ፤
የሴትየዋ ጥያቄ በየትኛውም ሠንጠረዥ አልዋለ።
ፕሮግራሙም ዘንድሮ ተዘጋ አሉ፤ ወንበሩ በሐራጅ ተሸጠ።

ከቀኑ አራት ሰዓት ላይ፣ ዴይተን፣ አንድ ሽማግሌ ብቅ አለ፤
ጎብጧል፤ እጅጌው ግን እንደ ድሮው የተጠቀለለ።
የፓርቲ ታዛቢ ነው። ስልኩን ቀስሮ መስመሩን አለፈ፤
"ይሄ ማሽን ይሰርቃል!" ሲል ገሚሱ አጨበጨበ፣ ገሚሱ ዘለፈ።
ያ ቦርሳ ትዝ አለኝ። "ከአሜሪካ ሕዝብ"፣ ከየትኛው?
ከሚያጨበጭበው? ወይስ ከዚያኛው?

ተነሣሁ። ጉልበቴ ራደ፤ አፌ ግን ቃሉን አልረሳም፦
"ታዛቢ ከመስመሩ ወዲህ ይቆማል። ያያል እንጂ አይነካም።"
ስልኩ ወረደ። ሰውየውን ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩን አወቀው።
"ከየት ነህ?" አለኝ። "ከዌይን ጎዳና።" ቆየሁና፣ "አዳማ" አልኩት። ፊቱን ደም መታው።
ወንበር ሰጠሁት። ተቀመጠ።
እንደታመመ ሰው ቀስ ብሎ፣ "ድምፄ መግባቱን በምን ላውቅ?" ብሎ ጠየቀ።
መልሱ ማኑዋሉ ላይ አለ፣ ገጽ አሥራ ሁለት፤ አልነገርኩትም።
የወይዘሮ ቦጋለችን ጥያቄ ተረጎምኩለት፣ ሃያ ዓመት ዘግይቼ፣
አንድም ቃል ሳልጥል፣ ሽንኩርት ነጋዴነታቸውን ጭምር አካትቼ።
አልሳቀም።

ከዚያ ወረፋው ጠራኝ። አንዲት ሴት፣ ሕፃን የታቀፈች፣
ስሟ ከመዝገቡ መጨረሻ ነው፤ ገጹን ስገልጥ ትጠብቃለች።